አጭር መብራቴ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል፦ መኪናዬ የተሠራችበት አገር ሕግ ነው ወይስ የእኔ ጥፋት?

የጠባሴው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሲሆን ሥራዬ በየሳምንቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ያመላልሰኛል። ባለፈው ዓመት ያገለገለች የጃፓን ሥሪት የቤት መኪና ገዝቻለሁ። መሪዋ መጀመሪያ በቀኝ በኩል የነበረና በኋላ ወደ ግራ የተዛወረ መሆኑን ሻጩ አልደበቀኝም፤ የመሪው ሥራ ንጹሕ ስለነበረ እኔም ሳላመነታ ወሰድኳት። ቅሬታዬ የጀመረው ማታ ማታ መንዳት ስጀምር ነው። ከጉዶ በረት ወደ ጣርማ በር ስሄድ አጭር መብራት ብቻ አብርቼ እያለሁ ከፊት ለፊቴ የሚመጣው ሁሉ ረጅሙን ብልጭ ድርግም ያደርግብኛል። ብዙ ጊዜ የሾፌሮች ትዕግሥት ማጣት ይመስለኝ ነበር። አንድ ምሽት ግን ከጣርማ በሩ ዋሻ ወጣ ብዬ ጥግ ይዤ እንደቆምኩ፣ ከደብረ ሲና በኩል የመጡ አንድ አረጋዊ የጭነት መኪና ሾፌር አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙና መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ መብራትህ መንገዱን ትቶ እኛን ነው የሚያየው፤ አስመርምረው» ብለውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ምሽት በግቢዬ ግንብ ላይ አብርቼ አየሁት። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመኻል ወደ ቀኝ ለጥ ብሎ ይሄድና ከመኻል ወደ ግራ ግን ሽቅብ ይወጣል። ከአውሮፓ የመጣችውን የጎረቤቴን መኪና በዚያው ግንብ ፊት አቁመን ብናበራት ልክ ተገልብጦ ሽቅብ የሚወጣው በስተቀኝ ሆነ። ሁለቱም መኪኖች የዓመት ምርመራ አልፈው ቦሎ የተለጠፈላቸው ናቸው። የመብራት ሕግ ከአገር አገር ይህን ያህል ይለያያል? የእኔስ በካቻቪቴ ይስተካከላል ወይስ መብራቱ ራሱ መለወጥ አለበት? የጣርማ በር ጉም ስለሚያስጨንቀኝ በዚያ በኩልም ምክር ብታክሉልኝ አመሰግናለሁ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ ግንብ ላይ አብርተው ማየትዎ የነገሩን ግማሽ ጨርሶታል። መብራትዎ አልተበላሸም፤ የተሠራው በግራ በኩል ለሚነዳ አገር ነው። ጃፓን፣ እንግሊዝና ጎረቤታችን ኬንያ በግራ ይነዳሉ። እኛም ቀድሞ በግራ እንነዳ ነበር፤ ወደ ቀኝ የዞርነው በሰኔ 1956 ዓ.ም. ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የአጭር መብራት አሠራር በሁለት ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ከፊት የሚመጣው ሾፌር በሚያልፍበት ወገን ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፤ እግረኛና ከብት በሚሄድበት በራስ ጠርዝ በኩል ግን ከፍ ብሎ ሩቅ እንዲደርስ ይደረጋል። ለእኛ መንገድ ከፍ ማለት ያለበት ቀኙ ነው። የእርስዎ ተገልብጦ ስለተሠራ ጉዳቱ ሁለት ነው፤ ከፊት የሚመጣውን ዓይን ማሳወሩን ነገሩዎት እንጂ በስተቀኝዎ ያለው ጠርዝ ጨለማ ሆኖ መክረሙን ማንም አልነገረዎትም። በጋቢ ተጠቅልሎ ጠርዝ ጠርዙን የሚሄድ ሰው ወይም ጭነት የያዘ አህያ አጠገብዎ ሲደርስ ብቻ ድንገት ታይቶዎት አያውቅም? ምክንያቱ ይኸው ነው።

ለየትኛው ወገን እንደተሠራ ከመብራቱ መስታወት ላይ ማንበብ ይቻላል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ መሠረት የተፈተነ መብራት በክብ ውስጥ የ«ኢ» ላቲን ፊደልና ቁጥር አለበት። ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ያመለክታል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን፣ 11 እንግሊዝ፣ 43 ጃፓን ነው። ከምልክቱ አጠገብ ቀስት ከሌለ መብራቱ በቀኝ ለሚነዳ መንገድ ነው። ከመኪናው ፊት ቆመው ሲያዩት ወደ ቀኝዎ የሚያመለክት አንድ ቀስት ካለ በግራ ለሚነዳ መንገድ ብቻ የተሠራ ነው፤ ወደ ሁለቱም ጎን የሚያመለክት ቀስት ካለ ለሁለቱም መዋል የሚችል ነው። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ ብዙ መብራቶች ግን ይህ ምልክት ጭራሽ ሳይኖራቸው እንደ ኮይቶ፣ ስታንሊ ወይም ኢቺኮ ያለ የአምራች ስም ብቻ ይጻፍባቸዋል። ስለዚህ «ቀስት የለውም፣ ደኅና ነው» ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ቀስት አለመኖሩ ትርጉም ያለው የ«ኢ» ምልክቱ ሲኖር ብቻ ነው። ምልክቱ ከሌለ እውነቱን የሚናገረው ግንቡ ነው።

በካቻቪቴ ስላሉት፣ ከመብራቱ ጀርባ ያሉት ማስተካከያ ብሎኖች ብርሃኑን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያንቀሳቅሳሉ እንጂ ቅርጹን አይገለብጡም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው፣ ቅሬታ ሲመጣ መብራቱን በሙሉ መሬት እስኪነካ መድፋት ነው። ያን ጊዜ ማንም ብልጭ ድርግም አያደርግብዎትም፤ ግን እርስዎም ከጥቂት ሜትር በላይ ሳያዩ ይነዳሉ። ይህን እንዳይቀበሉ አደራ እላለሁ። ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ለጥቂት ቀን የሚሻገሩ ሾፌሮች ሽቅብ የሚወጣውን ብርሃን የሚጋርድ ተለጣፊ መስታወቱ ላይ ያደርጋሉ፤ እርሱ የእንግድነት መፍትሔ ነው፣ የቀኙን ጠርዝ አያበራልዎትም። ለእርስዎ የሚሻለው የዚያችኑ ሞዴል መብራት በቀኝ ለሚነዳ ገበያ፣ ለምሳሌ ለባሕረ ሰላጤ አገሮች ወይም ለአውሮፓ የተሠራውን ፈልጎ ሁለቱንም መለወጥ ነው።

ከተለወጠ በኋላ ልኩን ራስዎ ያረጋግጡ። የጎማ ንፋሱን አስተካክለው ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ከግንብ 10 ሜትር ርቀው ይቁሙ፤ ከመሬት እስከ መብራቱ መኻል ያለውን ከፍታ ይለኩ። በብዙ መኪኖች ኮፈኑን ሲከፍቱ መብራቱ አካባቢ 1.0 ወይም 1.2 በመቶ የሚል ጽሑፍ አለ። 1 በመቶ ማለት በ10 ሜትር ርቀት 10 ሴንቲሜትር ዝቅታ ማለት ነው። መብራቱ ከመሬት 70 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ለጥ ያለው ጠርዝ ግንቡ ላይ 60 ሴንቲሜትር ላይ ማረፍ አለበት፤ በዚያ ልክ ብርሃኑ መሬት የሚነካው 70 ሜትር ላይ ነው።

ሌላም አለ። ከመሪው አጠገብ ከ0 ጀምሮ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ማዞሪያ በብዙ መኪኖች አለች። በአውሮፓው ደንብ ጭነት ሲበዛ መብራቱን ዝቅ የሚያደርግ መላ ግዴታ ነው፤ በአሜሪካ ግን ግዴታ አይደለም። 0 ለሾፌሩ ብቻ ነው፤ ኋላ ሰውና ዕቃ ሲሞላ የመኪናው አፍንጫ ቀና ስለሚል ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ማዞሪያዋን ነክቶ የማያውቅ ባለ መኪና ጋራዣችን በየቀኑ ይመጣል።

ከአንኮበር

ባለሙያው ያነሡት ነጥብ የእኔንም ራስ ምታት ስለሚነካ ልጨምር። አሜሪካ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ስመለስ ለቤተሰብ አንዲት መኪና ይዤ መጥቻለሁ። የፊት መብራቷ ለቀኝ መንገድ ስለሆነ በዚያ በኩል ችግር የለባትም፤ ችግሯ ከኋላ ነው። የኋላ ፍሬቻዋ ቀይ ነው።

በአውሮፓው ደንብ የኋላ ፍሬቻ ብርቱካንማ መሆን አለበት። በአሜሪካ ብርቱካንማም ቀይም ይፈቀዳል፤ በብዙ መኪኖች ላይም አንዱ ቀይ አምፖል የፍሬንም የፍሬቻም ሥራ ይሠራል። ይህ በሜዳ መንገድ ላይ ያን ያህል ላያስቸግር ይችላል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ግን ሁሉም ፍሬኑን ይዞ፣ ለቅቆ፣ ይዞ ነው የሚሄደው። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ቀይ መብራት ብልጭ ሲል የሚያየው ፍሬን ነካ ነካ ያደረግኩ መስሎት ነው እንጂ ልታጠፍ መሆኔን አይጠረጥርም። ሁለት ጊዜ ከኋላዬ በጭንቅ ቆመውልኛል።

የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ራሱ በ2009 (እኔም ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባወጣው ጥናት ብርቱካንማ ፍሬቻ ያላቸው መኪኖች በሚታጠፉበት ጊዜ ከኋላ የመገጨት ዕድላቸው 5 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ አስገዳጅ ግን አላደረጉትም። በሌላ በኩል እነርሱ የቀደሙበትም አለ፤ በኋላ መስታወት በኩል ከፍ ብላ የምትበራውን ሦስተኛ የፍሬን መብራት ከ1986 ሞዴል ጀምረው በቤት መኪኖች ላይ አስገድደዋል። በመኪናው ጎን ከፊት ብርቱካንማ፣ ከኋላ ቀይ የምትበራ ትንሽ መብራትም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእነርሱ ግዴታ ናት። ጎን ለጎን ከምትቆም መኪና አጠገብ ሌሊት ያለፈ ሰው ጥቅሟን ያውቃል። አውሮፓውያን በአንጻሩ በጎን በኩል የሚያስገድዱት ፍሬቻን ነው።

የልዩነቱ ሥር የሕጉ አካሄድ ይመስለኛል። አውሮፓ፣ ጃፓንና ሌሎችም በ1958 በጄኔቫ በተፈረመው ስምምነት መሠረት መብራቱ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በመንግሥት በተፈቀደለት አካል ተፈትኖ ቁጥር ይሰጠዋል። በአሜሪካ ግን ከ1968 ጀምሮ በሚሠራበት ቁጥር 108 ደረጃ መሠረት አምራቹ ራሱ «ደረጃውን ያሟላል» ብሎ ያረጋግጣል፤ መብራቱ ላይ የሚታየው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ምኅጻር መንግሥት ፈተነው ማለት አይደለም። እዚያ ከ1940 እስከ 1983 ድረስ የመኪና የፊት መብራት መስታወቱም ክሩም በአንድ ላይ የታሸገ፣ ሲቃጠል በሙሉ የሚለወጥ እንዲሆን ሕጉ ያስገድድ ነበር። ከፊት የሚመጣውን መኪና ብቻ እየለየ የሚጋርደውን አዲሱን ረጅም መብራትም የፈቀዱት በ2022 ነው፤ አውሮፓ ያን ጊዜ ለዓመታት ተጠቅሞበታል።

እኔ የኋላዎቹን መብራቶች ለውጭ ገበያ በተሠራው፣ ብርቱካንማ ፍሬቻ ባለው ለማስለወጥ ወስኛለሁ። ሽቦውን ለየብቻ መዘርጋት ስለሚጠይቅ በቀላሉ የሚሠራ አልሆነም።

የደሴ መስመር ሾፌር

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከአዲስ አበባ ደሴ የሕዝብ መኪና ስነዳ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ስለ ጉሙ የምለው ስላለኝ ነው የገባሁት።

ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ከሥሩ ያለው ቆላ ሞቃት ስለሆነ እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል። አንዳንድ ቀን ደብረ ብርሃን ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ዋሻው አፍ ስትደርስ የፊትህ ኮፈን አይታይህም። በዚያ ጊዜ ሰው የሚያስበው ፊቱን ማየት ብቻ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ከኋላዬ የሚመጣው እኔን ማየቱ ነው።

የአውሮፓው ደንብ ለዚህ ሲል የኋላ የጉም መብራት ያስገድዳል፤ የአሜሪካው አያስገድድም። ተራው የኋላ መብራት ከ20 ካንዴላ (የብርሃን ብርታት መለኪያ ነው) በታች ሲሆን የኋላ የጉም መብራት ግን ቢያንስ 150፣ ቢበዛ 300 ካንዴላ መሆን አለበት። ከፍሬን መብራት ጋር እንዳይምታታም ከእርሱ ከ100 ሚሊሜትር በላይ ይርቃል። አንድ ብቻ ከሆነ በቀኝ በሚነዳ አገር በግራ በኩል ይደረጋል። ይህን የማያውቅ ሰው «አንዱ ተቃጥሏል» ብሎ በቀኙ በኩል አምፖል ሊያስገባ ሲታገል አይቻለሁ። ሲበራ ዳሽቦርድ ላይ የሚታየው ብርቱካንማ ምልክት ሲሆን፣ ከመብራት ሥዕል ወደ ቀኝ የሚወጡ መስመሮችን አንድ ጠመዝማዛ መስመር ያቋርጣቸዋል። ወደ ግራ የሚወጡትና አረንጓዴ የሚበሩት የፊቱ ናቸው።

ጉሙ ሲገልጥ ግን ወዲያው ይጥፋ። በጀርመን የኋላው የጉም መብራት የሚፈቀደው በጉም ምክንያት የሚታየው ርቀት ከ50 ሜትር በታች ሲሆን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ኪሎሜትር አይበልጥም። በጠራ አየር የተረሳ የኋላ ጉም መብራት ከኋላ ያለውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ የፍሬን መብራትንም ይሸፍናል።

በእኛ መንገድ ጉም ሲሆን አራቱን ፍሬቻ አብርቶ መሄድ ልማድ ሆኗል። እንደማየው፣ ይህ ከኋላ ለሚመጣው «ቆሜያለሁ» ማለት ነው፤ በዚያ ላይ መታጠፊያ ላይ ፍሬቻ ብታሳይ አይታወቅልህም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሕጉ ከክልል ክልል ይለያያል፤ ፍሎሪዳ በ2021 የፈቀደው እይታ እጅግ በጠበበ ጊዜና የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 88 ኪሎሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ መንገድ ላይ ብቻ ነው። የኋላ የጉም መብራት የሌለው መኪና ካላችሁ አጭሩን መብራት አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ፤ አራቱን ፍሬቻ ለቆመ መኪና ተዉለት።

አዲሶቹ መኪኖች ላይ ያየሁትን አንድ አደጋ ልናገርና ልጨርስ። ቀን ቀን በራሷ የምትበራ የፊት መብራት ስዊድን በ1977፣ ካናዳ ከ1989 መጨረሻ ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ለአዳዲስ ሞዴሎች አስገድደዋታል። እርሷ ግን በብዙ መኪኖች ላይ የኋላውን አታበራም። ሾፌሩ ዳሽቦርዱ በርቶ፣ ፊቱም ብርሃን እያየ፣ ኋላው ጨለማ ሆኖ ጉም ውስጥ ይገባል። ካናዳ ይህን ስላየች ከመስከረም 2021 ወዲህ ለሚመረቱ አዳዲስ መኪኖች መፍትሔ እንዲበጅላቸው፣ ለምሳሌ የኋላውም አብሮ እንዲበራ ወይም መብራቱ እስኪበራ ዳሽቦርዱ ጨለማ እንዲሆን ደንግጋለች። እዚህ ያለነው ግን የመኪናችንን ማብሪያ በእጃችን ማዞር አለብን። ጉዶ በረትን ሳልፍ፣ ፀሐይም ቢሆን፣ አበራለሁ።

ከመሐል ሜዳ

ጥሩ ብላችኋል፤ እኔ ግን የሚያሳውረን ከጃፓን የመጣው መብራት ብቻ እንዳይመስላችሁ እፈልጋለሁ። በመንዝ መንገድ ላይ ይበልጥ የሚያስመርረኝ በተራ አምፖል ቦታ የሚገባው ኤልኢዲ፣ ሰዉ «ፓውዛ» የሚለው ነው። መብራቱ ለቀኝ መንገድ የተሠራ ቢሆንም አምፖሉ ሲለወጥ ጠርዙ ይጠፋል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ (ደብረ ብርሃን)

እውነት ነው። የመብራቱ ማንጸባረቂያ የተሰላው ብርሃኑ ከክሩ ትክክለኛ ቦታ እንደሚነሣ ታስቦ ነው፤ የተለመደው የኤች 4 አምፖል ለአጭሩ 55 ዋት፣ ለረጅሙ 60 ዋት ሁለት ክር ያለው ሲሆን ከአጭሩ ክር ሥር ብርሃኑን የምትጋርድ ትንሽ ጽዋ አለች። ርካሹ ኤልኢዲ ቦታውንም ጥላውንም አይጠብቅም፤ ብርሃኑ ይበዛል፣ የሚሄድበት ግን አይታወቅም። ጀርመን ከ2020 ጀምሮ የፈቀደችውም ለተወሰነ የመኪና ሞዴል ከተወሰነ መብራት ጋር ተፈትኖ በዝርዝር የተመዘገበውን ኤልኢዲ ብቻ ነው። ብጫ መብራት ለጉም ይሻላል የሚሉኝ ደንበኞችም አሉ፤ ፈረንሳይ ከ1930ዎቹ እስከ 1993 መኪኖቿን ብጫ የፊት መብራት ታስገድድ ነበር፣ በኋላ ተወችው። ለጉም ዋናው ከቀለሙ ይልቅ መብራቱ ከፓራውልቱ ሥር ዝቅ ብሎ መቀመጡና ብርሃኑ ወደ ላይ አለመውጣቱ ነው። ረጅሙን በጉም ውስጥ ያበራ ሰው ነጭ ግድግዳ ነው የሚያየው።

የጠባሴው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ። መስታወቱ ላይ የአምራቹ ስም ብቻ እንጂ የ«ኢ» ምልክት አልነበረበትም። ለባሕረ ሰላጤ ገበያ የተሠራውን ጥንድ መብራት ከአዲስ አበባ አስመጥቼ አስገጠምኩ። ከመሬት እስከ መብራቱ መኻል 68 ሴንቲሜትር ስለሆነ በ10 ሜትር ላይ ግንቡን 58 ሴንቲሜትር ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩና ብሎኑን እያዞርን ጠርዙን እዚያው አሳረፍነው። አሁን ሽቅብ የሚወጣው በስተቀኝ ነው። ጋራዡ ውስጥ አንድ ሰው አሮጌዎቹን መብራቶች ሊገዛኝ ጠይቆ ነበር፤ መልሰው እዚሁ መንገድ ላይ እንደሚወጡ ሳስብ አልሸጥኩለትም።

ዓርብ ማታ አምስት ሆነን፣ ኋላ ሁለት ኩንታል እህል ጭነን ወረድን። ከጉዶ በረት እስከ ዋሻው ሦስት መኪኖች ብልጭ አደረጉብኝና ልቤ ወረደ። ከዚያ ማዞሪያዋ ትዝ አለችኝ፤ 0 ላይ ነበረች። ወደ 3 አዞርኳት። ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ አጭሩን እንዳበራ አለፈን። አርማንያ ሳንደርስ በቀኝ ጠርዝ ሁለት አህዮች የሚነዱ ሰውዬ፣ ገና ሩቅ ሳለን፣ ነጠላቸው ከእግራቸው እስከ ትከሻቸው ታየኝ።